ውኃው እስኪወጣ፦ አዲስ የተለጠፈ የመኪና መስታወት ፊልም በአዲስ አበባ የአየር ጠባይ

(ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ንግግር የተገለበጠ ጽሑፍ)



ለዛሬ የመረጥሁት ርእስ ለአዳራሽ የሚያንስ ሊመስል ይችላል። ከዚህ ወጥታችሁ ከመካኒሳ አቦ ወደ ጀሞ የሚወስደውን መንገድ ብትይዙ፣ በጎማ ጠጋኙና በላቫጆው መካከል የመኪና ማስጌጫ የሚሸጡ ሱቆች ታገኛላችሁ። ከአንዱ ፊት በሮቹ የተከፈቱ መኪና ቆሟል፤ አንድ ወጣት በአንድ እጁ የሳሙና ውኃ መርጫ፣ በሌላው የላስቲክ መጥረጊያ ይዞ ጥቁር ፊልም መስታወቱ ላይ ያስተኛል። ጥቂት ሰዓታት ይፈጅበታል። ባለመኪናው ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል፤ ሁለቱም ሥራው አልቋል ብለው ያምናሉ። እኔ ግን የምናገረው ከዚያ በኋላ ስላሉት ቀናት ነው። ፊልሙ በእውነት ከመስታወቱ ጋር የሚጣበቀው በእነዚያ ቀናት እንጂ በሱቁ ደጃፍ አይደለምና።

ነገሩ የገንዘብም የመተማመንም ጉዳይ ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል። መስታወቱ ደብዝዟል፣ እዚህም እዚያም ትናንሽ እብጠቶች ይታያሉ። ባለሙያው «ይደርቃል፣ ይታገሡ» ይላል፤ ደንበኛው ደግሞ እንደ ማታለል ይቆጥረዋል። አንዳንዴ ባለሙያው ልክ ነው፤ አንዳንዴም ደንበኛው። ችግሩ ሁለቱም የሚከራከሩበትን ነገር የሚመዝኑበት ሚዛን የሌላቸው መሆኑ ነው። ዛሬ ላቀርብላችሁ የምሞክረው ያንን ሚዛን ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው? በተለምዶ «ቲንት» ወይም «የመስታወት ስቲከር» የምንለው ከፖሊስተር የተሠራ ስስ ገጽ ነው። የመጠጥ ውኃ የምንገዛበት የፕላስቲክ ጠርሙስም ከዚሁ ዘር ነው። ይህን ፖሊስተር እ.ኤ.አ. በ1941 በእንግሊዝ አገር ዊንፊልድና ዲክሰን የተባሉ ኬሚስቶች ለልብስ ክር ብለው አገኙት፤ ወደ መስታወት የመጣው ዘግይቶ ነው፤ የአሜሪካው ስሪኤም ኩባንያ ለመስታወት ፊልም የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1966 ነበር። የተለመደው የመኪና ፊልም ውፍረት ከ38 እስከ 50 ማይክሮሜትር ነው፤ ከሰው ፀጉር አይበልጥም። በአንድ ወገኑ ጭረትን የሚቋቋም ጠንካራ ቅብ አለው፤ በሌላው ወገኑ ሙጫ። በመካከሉ እንደ ዓይነቱ ቀለም፣ ስስ ብረት፣ ካርቦን ወይም ሴራሚክ ይገባበታል። የሚለጠፈውም ከመስታወቱ በውስጥ በኩል ነው፤ ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ሰው ለምን ያስለጥፋል ብንል፣ አንዱ ለግላዊነት፣ ሌላው ለጌጥ ነው። ከጤና አንጻር ግን ክብደት ያለው ምክንያት አለ። የፊት መስታወት በሁለት መስታወቶች መካከል ፕላስቲክ የተነባበረበት በመሆኑ አልትራቫዮሌት የተባለውን ጨረር አብዛኛውን ያስቀራል። የጎን መስታወት ግን እንደ ነገሩ ነው፤ ቆዳን በፍጥነት የሚያቃጥለውን አጭር ሞገድ ቢከለክልም፣ ወደ ቆዳ ጠልቆ የሚገባውን ረጅሙን ሞገድ በብዙ መኪኖች ላይ በከፊል ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የአንድ የ69 ዓመት አሜሪካዊ አዛውንት ፎቶግራፍ አወጣ። ሰውየው ለ28 ዓመታት የጭነት መኪና ያሽከረከሩ ሲሆን በመስኮቱ በኩል ያለው የፊታቸው ግራ ወገን ተጨማዶና ተወፍሮ ይታያል፤ ቀኙ ግን የሌላ ሰው እስኪመስል ድረስ ለስላሳ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ይህ ጨረር በአሥር በመቶ ገደማ ይጨምራል። የእኛም አገር መሪ በግራ ነው። ሙሉ ቀን መሪ ጨብጠው ለሚውሉ ሰዎች ጉዳዩ ከጌጥ ያለፈ ነው። ለዚህ ግን መስታወቱ መጥቆር አያስፈልገውም፤ ጨረሩን የሚያስቀረው ጥቁረቱ ሳይሆን በፊልሙ ውስጥ ያለው ጨረር መጣጭ ንጥረ ነገር ነውና፣ ፍጹም ጥርት ያለ ፊልምም ሥራውን ይሠራል። የጥቁረቱ መጠን በሕግ በኩል የሚያስከትለው ጥያቄ አለ፤ እርሱን ከመለጠፉ በፊት የሚመለከተውን የትራፊክ አካል መጠየቅ ይበቃል፤ አልፈዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ባለሙያው መስታወቱንና ሙጫውን በሳሙና ውኃ የሚያርሰው ለምንድን ነው? ሙጫው በደረቁ መስታወት ቢነካ ወዲያውኑ ይይዛል፤ ማንሸራተት፣ ማስተካከል አይቻልም። የሳሙናው ውኃ በሁለቱ መካከል ገብቶ ፊልሙን ያንሳፍፈዋል። ቦታውን ከያዘ በኋላ ባለሙያው በላስቲክ መጥረጊያ ከመሀል ወደ ዳር እየገፋ ውኃውን ያስወጣል። ነገር ግን የቱንም ያህል ብርቱ ክንድ ቢሆን ሁሉንም አያስወጣም። አንድ ስስ የውኃ ንጣፍ ይቀራል። ሙጫው ከመስታወቱ ገጽ ጋር በሞለኪውል ደረጃ ሊያያዝ የሚችለው ይህ ውኃ ሲለቅለት ብቻ ነው። በሱቁ በር ላይ ያያችሁት የተለጠፈ ፊልም እንግዲህ ገና ያልተጣበቀ፣ ውኃ ላይ የተኛ ፊልም ነው።

ውኃው በየት ይወጣል? በአንድ በኩል መስታወት አለ፤ መስታወት ውኃ አያሳልፍም። ጥቂቱ በጠርዝ ይወጣል፤ የቀረው በራሱ በፊልሙ ሥጋ ውስጥ ሰርጎ፣ በተን ሆኖ ወደ መኪናው ውስጥ ነው የሚወጣው። ፖሊስተር ለውኃ ተን ጥብቅ በር ነው፤ የተዘጋ በር ግን አይደለም።

ተማሪዎች ሆይ፣ እስኪ በወረቀት ጀርባ እናስላው። የአንድ ጎን መስታወት ስፋት ሲሶ ካሬ ሜትር ነው እንበል። የቀረው የውኃ ንጣፍ 10 ማይክሮሜትር ቢሆን፣ ክብደቱ 3 ግራም ያህል ይሆናል፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። 50 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ፖሊስተር በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ አንዱ ወገን ርጥብ ሌላው ፍጹም ደረቅ ቢሆን፣ በአንድ ካሬ ሜትር በቀን 3 ግራም ገደማ ተን ያሳልፋል። ለእኛ መስታወት ይህ በቀን 1 ግራም ማለት ነው፤ ስለዚህ ሦስት ቀን። ብዙ ጊዜ የምንሰማው «ለሦስት ቀን መስታወት አታውርድ» የሚለው ምክር ከዚህ ስሌት ጋር ይገጥማል። ይህ የነገሩን ልክ ለማሳየት እንጂ ለእያንዳንዱ ፊልም የሚሆን ቀመር አይደለም፤ ስስ ብረት ያለበት ፊልም ከዚህ በጣም ይዘገያል፣ ስርቆትን ለመከላከል የሚለጠፈው ወፍራሙ ደግሞ ሳምንታትን አልፎ ወራት ሊወስድ ይችላል።

ነገር ግን በሐምሌ ወር የመካኒሳ አየር ፍጹም ደረቅ ነውን? አይደለም። ተኑን የሚገፋው በሁለቱ ወገን ያለው የተን ግፊት ልዩነት ነው። በ20 ዲግሪ የውኃ ሙሉ የተን ግፊት 2.3 ኪሎፓስካል ነው። በመኪናው ውስጥ ያለው አየር 70 በመቶ ርጥበት ካለው፣ በዚያ ወገን አስቀድሞ 1.6 ኪሎፓስካል ተቀምጧል፤ የሚቀረው ግፊት 0.7 ብቻ ነው። ሦስቱ ቀን አሥር ቀን ሆነ። ሌሊት ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ሙሉው ግፊት ራሱ ወደ 1.2 ያሽቆለቁላል፤ በዚያ ሰዓት ውኃው ቆሟል ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ስለዚህ ለሞቃት አገር በተጻፈ መመሪያ ላይ ያለው «ሦስት ቀን» በክረምት አዲስ አበባ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ደንበኛውም ባለሙያውም የሚጣሉት ብዙውን ጊዜ ለሌላ አገር በተጻፈ ቁጥር ላይ ነው።

አሁን ፀሐይን እናስገባ። በፀሐይ የቆመ ጥቁር ፊልም ብርሃኑን ስለሚውጥ መስታወቱ በቀላሉ 40 ዲግሪ ይደርሳል። በዚህ ሙቀት የተን ግፊቱ 7.4 ኪሎፓስካል ነው። በካቢኑ ውስጥ ያለውን 1.6 ብንቀንስ 5.8 ይቀራል፤ ከቀድሞው 0.7 ጋር ሲነጻጸር ስምንት እጥፍ። አንድ ሰዓት ጥሩ ፀሐይ የስምንት ሰዓት ጥላን ሥራ ይሠራል ማለት ነው። አንዳንዶች ፀሐይ ሙጫውን በጨረሯ «ታበስለዋለች» ይላሉ፤ የተለመደው የመኪና ፊልም ሙጫ ግን በጨረር የሚጠነክር አይደለም፤ ፀሐይ የምትረዳው በማሞቅ ነው። የከተማችን ከፍታም ቢሆን የሚጠበቀውን ያህል አይረዳም። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ የተሰጣ ልብስ ቶሎ ሊደርቅ ይችላል፤ የእኛን ውኃ የሚያዘገየው ግን አየሩ ሳይሆን ፖሊስተሩ ነው።

ከዚህ ስሌት አንድ ተግባራዊ ነገር ይወጣል። በክረምት የአዲስ አበባ ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይበረታል፤ ጠዋት ሰማዩ ገለጥ የሚልባቸው ሰዓታት አሉ። የጎን መስታወት ቀጥ ብሎ የቆመ ስለሆነ ከቀትር ፀሐይ ይልቅ ዝቅ ብላ የምትመጣው የጠዋት ፀሐይ ትጠቅመዋለች። ስለዚህ መኪናውን አንዱ ጎኑ ወደ ምሥራቅ እንዲዞር አድርጎ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ማቆም፣ በማግስቱ ደግሞ አዙሮ ሌላውን ጎን መስጠት ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር ልንገራችሁ፦ ከሚያዝያ መግቢያ ግድም እስከ ነሐሴ ማብቂያ አካባቢ ድረስ በእኛ ከተማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምትውለው። በሐምሌ ወር መስታወቱን ወደ ደቡብ አዙሮ ፀሐይ የሚጠብቅ ሰው ቀትር ላይ አያገኛትም።

ሌላው መንገድ የካቢኑን አየር ማድረቅ ነው። አምስት ሰው በረጠበ ጫማና ጃኬት ገብቶ በሩን ሲዘጋ፣ የትንፋሹ ርጥበት ብቻ መስታወቱን በጉም ይሸፍነዋል። መስታወት ማውረድ ስለማይቻል የአየር ማራገቢያውን የውስጡን አየር በሚያዞርበት ሳይሆን ከውጭ በሚያስገባበት አቅጣጫ ማድረግ፣ ርጥብ ምንጣፍ ማውጣት፣ ፀሐይ ሲወጣም በቆመበት በሮቹን ገርበብ ማድረግ ይበጃል። በር መክፈት መስታወት ማውረድ አይደለም፤ ፊልሙን አይነካውም።

መስታወቱ ለምን አይወርድም? የፊልሙ ጠርዝ በበሩ ጎሚኒ መካከል ያልፋል። ውኃ ላይ የተኛ ፊልም በጎሚኒው ሲታሽ ይንሸራተታል፣ ወይም ይገለበጣል፤ አንዴ የተገለበጠ ጠርዝ አቧራ ይዞ ከተመለሰ በኋላ በደንብ አይይዝም። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ከሦስት እስከ አምስት ቀን፣ በክረምት ግን ቢያንስ ከአሥር ቀን በላይ መጠበቅን እመክራለሁ። የመስታወቱ ማውረጃ ቁልፍ ላይ ቁራጭ ፕላስተር መለጠፍ ከማንኛውም ማሳሰቢያ ይሻላል፤ እጅ ልማድ አለውና። በእግረኛ መንገድ ዳር ሎተሪ የሚሸጥ ልጅ ሲጠራ፣ የፓርኪንግ ተቆጣጣሪ ሲያንኳኳ፣ እጅ ሳይጠየቅ ወደ ቁልፉ ይሄዳል።

ላቫጆን በተመለከተ፣ ፊልሙ በውስጥ በኩል መሆኑን አስታውሱ። መኪናውን በውጭ ማሳጠብ ብዙም አይጎዳውም፤ በኃይል የሚረጨው ውኃ ግን በጎሚኒው በኩል ወደ ጠርዙ እንዳይገባ የመጀመሪያውን ሳምንት መዝለል መልካም ነው። ዋናው አደጋ የሚመጣው አጣቢው ሊያስደስታችሁ ሲል ውስጡን ሲጠርግ ነው። የኮፈኑን ጭቃ የጠረገበት ጨርቅ ጥቃቅን አሸዋ ይዟል፤ ገና ያልያዘ ፊልም ላይ ሲታሽ ይቧጭራል፣ ጠርዙንም ያነሣል። «ውስጡን መስታወት እንዳትነካ» ብሎ አስቀድሞ መናገር የሚያሳፍር አይደለም። ለአንድ ወር የውስጡ መስታወት ባይጸዳ ይመረጣል። ከወር በኋላም በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅና ለስለስ ባለ ሳሙና ውኃ ብቻ ነው። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ቀለሙንና ሙጫውን ቀስ እያለ ስለሚጎዳ አይሆንም። የቆየ ሙጫ በላምባ ወይም በቤንዚን መጥረግ፣ መስታወትን በጋዜጣ ማሸት በአገራችን የተለመደ ነው፤ ለራቁት መስታወት የሚያደርሰው ጉዳት ላይኖር ይችላል፤ ለፊልም ግን አይስማማም።

በኋላ መስታወት ላይ ያሉት ቀጫጭን የማሞቂያ መስመሮች ሌላ ጥንቃቄ ይሻሉ። ፊልሙ በእነርሱ ላይ ስለሚተኛ በመስመሮቹ ግራና ቀኝ ውኃ ይቀራል። ቶሎ ይድረቅ ብሎ ማሞቂያውን መክፈት በመስመሮቹ ላይ ብቻ ትኩስ ክር ስለሚፈጥር ፊልሙ እኩል ባልሆነ መንገድ ይሰበሰባል። ተለጣፊ ጽሑፍ፣ የስልክ መያዣ ጡት፣ የፀሐይ መከላከያ መጋረጃ ጡት፣ እነዚህም በአዲስ ፊልም ላይ አይሰኩም፤ ሲነሡ ፊልሙን ይዘው ይነሣሉ። የዓመቱ ቦሎ የሚለጠፈው የፊት መስታወት ላይ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነጻ ነው።

እብጠቶቹን እንለይ፤ ክርክሩን የሚፈታው ይህ ነውና። የውኃ እብጠት ለስለስ ያለ፣ ቅርጹ ከቀን ወደ ቀን የሚለወጥና የሚያንስ ነው። መላው መስታወት እንደ ወተት ደብዘዝ ማለቱም ከዚሁ ወገን ነው፤ ጥቃቅን የውኃ ጠብታዎች ብርሃኑን ሲበትኑት የሚታይ ነው። የአቧራ እብጠት በመሀሉ ነጥብ አለው፣ ዙሪያውም እንደ ድንኳን የተወጠረ ነው፤ በወርም በዓመትም አይለወጥም። የአየር እብጠት ደግሞ ጥርት ያለ ጠርዝ አለው፤ ትልቅ ከሆነ በአብዛኛው አይጠፋም። እንግዲህ አንድን እብጠት በአራተኛው ቀን አይቶ መፍረድ አይቻልም፤ በአራተኛውና በአሥራ አራተኛው ቀን የተነሡ ሁለት ፎቶግራፎችን አስተያይቶ መፍረድ ግን ይቻላል። ያነሰው ውኃ ነው፤ ባለሙያው እውነቱን ነው። ያልተለወጠው አቧራ ወይም አየር ነው፤ ደንበኛው ይካስ ቢል መብቱ ነው። ፎቶው በተመሳሳይ ሰዓትና ከተመሳሳይ ቦታ ይነሣ። በመርፌ መብጣት፣ በጣት መግፋት፣ በባንክ ካርድ ጠርዝ መጫን ግን ማስረጃውንም ፊልሙንም ያጠፋል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ የተበሳ ፊልም ግን መልቀሚያም የለውም።

ስለ ሌሊት ሳልናገር ብቀር ጥፋት ይሆንብኛል። ያ ወተት የመሰለው ብዥታ ቀን ላይ ለዓይን የማይመች ብቻ ነው፤ ሌሊት ግን የሚመጣው መብራት በጠብታዎቹ ተበትኖ በጎን መስታወቱና በኋላ መስታወቱ ላይ የብርሃን ጭጋግ ይፈጥራል። ከጭጋጉ ጀርባ የቆመ ሰው አይታይም። በከተማችን በመንገድ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት መካከል ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዙት እግረኞች ናቸው። ብዥታው እስኪጠራ ድረስ ከመሸ በኋላ አለማሽከርከር፣ ካልሆነም ወደ ኋላ ሲሄዱ ሰው አውርዶ ማስጠበቅ ይገባል። መስታወት አውርዶ አንገት ማውጣት እንደማይቻል አትርሱ።

ከታዳሚዎች ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ እናስቀምጣለን።

ጥያቄ፦ ባለሙያዎቹ ክረምት ይሻላል፣ አቧራ የለም ይላሉ። እርስዎ ደግሞ በጋ ይሻላል ይላሉ። ማንን እንስማ?

መልስ፦ ሁለታችንም የየራሳችንን ቀን እያየን ነው። ባለሙያው የሚጨነቀው ስለሚለጥፍበት ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ጠላቱ አቧራ ነው፣ ዝናብም አቧራውን ያስተኛለታል። እኔ የምጨነቀው ከዚያ በኋላ ስላለው ወር ነው። ምርጫ ካላችሁ ከመስቀል በኋላ ያሉትን ሳምንታት ምረጡ፤ ዝናቡ አልፏል፣ ምድሩ ገና ርጥብ ስለሆነ አቧራው አልተነሣም፣ ፀሐዩም ብርቱ ነው። በጥርና በየካቲት ከሆነ መንገድ ዳር አታስለጥፉ፤ በር ያለው ቤት፣ ወለሉ ውኃ የተረጨበት ቤት ፈልጉ።

ጥያቄ፦ በመኪና ሥራ የሚተዳደር ሰው አሥር ቀን ሙሉ መስታወት ዘግቶ መሥራት ይችላል?

መልስ፦ አይችልም፤ እንዲችልም አልጠብቅም። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቀን አያስለጥፍ። መጀመሪያ የኋላውን መስታወትና የኋላ በሮችን ያስለጥፍ፤ እነዚያን ተሳፋሪው እንዳያወርዳቸው ከሾፌሩ በኩል መቆለፊያ ቁልፍ ካለ ይቆልፋቸው። እነርሱ ሲይዙ ከፊት የተሳፋሪውን በር፣ በመጨረሻ የራሱን ያስለጥፍ። የራሱን ቅዳሜ ማታ አስለጥፎ እሑድን በፀሐይ ቢያቆመው፣ በጥቅምት ወር ከሆነ ሰኞና ማክሰኞን ብቻ ነው የሚታገሠው። ባለሙያው ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለሱን ላይወድ ይችላል፤ ዋጋውን ግን በአንድ ላይ አስቀድሞ ቢስማሙ ይቀበላል ብዬ አምናለሁ።